ብርሌውና በውስጡ ያለው እሾህ



በቆቃና በአካባቢዋ ባሉ ጸሎት ቤቶች፣ እንዲሁም በአዳማ፣ ከመምህራን ጋር በምናደርጋቸው ስብሰባዎች ላይ አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ ቀርቦልናል። ጥያቄው ስለ ድንጋይ ነው። ብርጭቆ የመሰለ፣ በውስጡ እንደ ወርቅ ክር ወይም እንደ ጥቁር መርፌ ያለ ነገር የሚታይበት ድንጋይ በሐብልና በአምባር መልክ ከዐረብ አገርና ከአሜሪካ በዘመድ እጅ ይመጣል፤ አብሮትም «ይህኛው ከክፉ ዓይን ይጠብቃል፣ ያኛው ኀዘን ያርቃል፣ ይህ ደግሞ ገንዘብ ይስባል» የሚል ቃል ይመጣል። መምህራኑ የሚጠይቁን፣ ድንጋዩ በእውነት ትርጉም አለውን? ክርስቲያንስ ሊይዘው ይገባዋልን? እያሉ ነው። በአንድ «ተዉት» ልንመልሰው እንችል ነበር። ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስ ከኦሪት ዘፍጥረት እስከ ዮሐንስ ራእይ ድረስ የከበሩ ድንጋዮችን ያነሣልና፣ እኛም የምንኖረው እሳተ ገሞራ በሠራው ምድር ላይ ነውና፣ ነገሩን ቀስ ብለን ብንመረምረው ይሻላል።

ድንጋዩ ኳርትዝ ይባላል። ሲሊኮንና ኦክሲጅን ከሚባሉት ሁለት ንጥረ ነገሮች የተሠራ ሲሆን፣ በምድር ቅርፊት ውስጥ በብዛት ከሚገኙት ማዕድናት አንዱ ነው። ንጹሕ ሲሆን ቀለም የለውም። ብዙውን ጊዜ የሚያድገው ሲሊካ በሟሟበት ትኩስ ውሃ ውስጥ፣ በዐለት ስንጥቅ መካከል፣ እጅግ ቀስ እያለ ነው፤ ስድስት ጎን ያለውን መልኩን የሚይዘውም ጊዜና ስፍራ ሲያገኝ ነው። በሚያድግበት ጊዜ በአጠገቡ ሌላ ማዕድን ካለ ይከበዋል፤ ከብቦም በውስጡ ያስቀረዋል። ወርቅማው መርፌ ሩታይል የሚባል የታይታኒየም ማዕድን ነው። ጥቁሩ መርፌ ብዙውን ጊዜ ቱርማሊን ነው። እንደ ሽበት ወይም እንደ ሣር አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ክሎራይት ይባላል። አንዳንድ ጊዜም ድንጋዩ ያደገበት ያ የጥንት ውሃ ራሱ በጠብታ መልክ ታሽጎ ይገኛል፤ ድንጋዩን ዘንበል ቀና ሲያደርጉት በጠብታው ውስጥ ያለችው የአየር አረፋ ትንቀሳቀሳለች።

የማዕድን ሊቃውንት እነዚህን በውስጥ የቀሩ ነገሮች በጊዜያቸው ይለዩአቸዋል። አንዳንዱ ከድንጋዩ በፊት የነበረ ነው፤ ድንጋዩ በላዩ አደገበት። አንዳንዱ ከድንጋዩ ጋር እኩል አደገ። ሌላው ደግሞ ድንጋዩ ካደገ በኋላ በስንጥቅ የገባ ነው፤ ያ ስንጥቅ ሲሊካ ባለበት ውሃ እንደገና ይገጥማል፣ ይሽራልም፤ ነገር ግን በተገጠመበት ስፍራ ጥቃቅን ጠብታዎች ተሰልፈው ይቀራሉ። የሙያው ሰዎች ይህን የሽረት ምልክት የጣት አሻራ ብለው ይጠሩታል። በጌጥ ገበያ ጥሩ የሚባለው ድንጋይ እንከን የሌለበት ነው፤ ሆኖም ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ኳርትዝ በፋብሪካም ስለሚመረት፣ ያለ አንዳች ነቁጥ የሆነው ድንጋይ በመርማሪው ዘንድ ይልቁን ጥርጣሬ ያስነሣል። ከምድር ሆድ የወጣ መሆኑን የሚመሰክሩለት በውስጡ ያሉት ባዕዳን ነገሮች ናቸው። ይህን ነገር ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በእኛ በስምጥ ሸለቆው በብዛት የሚገኘው ግን ኳርትዝ ሳይሆን ባልጩት ነው። ከቆቃ ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ያለው የገደምሳ ሰፊ ጎድጓዳ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው፤ ከዚያም እስከ ዝዋይና እስከ መተሐራ ድረስ ባልጩት የሚለቀምባቸው ስፍራዎች ብዙ ናቸው። ባልጩት አብዛኛው አካሉ ያው ሲሊካ ነው። ልዩነቱ፣ ኳርትዙ በዝግታ ሲያድግ፣ ባልጩቱ ቀልጦ የወጣ ዐለት መልክ ለመያዝ ጊዜ ሳያገኝ በፍጥነት በመቀዝቀዙ ብርጭቆ ሆኖ መቅረቱ ነው። ጥቁር የሚሆነውም በአመዛኙ በውስጡ በተበተኑ እጅግ ጥቃቅን የብረት ማዕድን ቅንጣቶች ምክንያት ነው። ስስ ፍንጣሪውን ወደ ፀሐይ አቅንታችሁ ብታዩት ጥቁር አይደለም፤ ጢስ እንዳለበት መስተዋት ብርሃን ያሳልፋል። በአንዳንዱ ባልጩት ላይ ደግሞ የበረዶ ብናኝ የመሰሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉ። እነዚህ ክሪስቶባላይት የሚባል ማዕድን ናቸው፤ ስሙ የተገኘው በሜክሲኮ ካለ ሳን ክሪስቶባል ከተባለ ስፍራ ነው፤ ይኸውም ክርስቶስን የተሸከመ የሚባለው የቅዱስ ክርስቶፎሮስ ስም ነው። አጋጣሚ ነው እንጂ ትንቢት አይደለም፤ ሆኖም ደስ የሚያሰኝ አጋጣሚ ነው።

ይህ ጥቁር ድንጋይ ሰውን ከጥንት ጀምሮ አገልግሏል። ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ በገደሞታ በተደረገው ቁፋሮ 279,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው የባልጩት ሹል መሣሪያዎች ተገኝተዋል። በአዋሽ ላይኛው ሸለቆ የሚገኙት መልካ ቁንጡሬና ባልጩት የተባለው ስፍራ በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም የሙሴ ሚስት ሲፓራ ልጇን የገረዘችበት ድንጋይ ባልጩት ተብሏል። በጉራጌ፣ በሐዲያና በሲዳማ ቆዳ የሚፍቁ የእጅ ባለሙያዎች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ በዚሁ ድንጋይ ይሠሩ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ድንጋዩን ቅርስ ብለን ስናከብር፣ በድንጋዩ የሠራውን ሰው ግን «ፋቂ» ብለን ስንሰድበው፣ ከማዕዳችንና ከጋብቻችን ስናርቀው ኖረናል። ግንበኞች የናቁትን ድንጋይ እግዚአብሔር የማዕዘን ራስ እንዳደረገው በየፋሲካው በመዝሙር እናውጃለን፤ ነገር ግን በየቁምስናችን ጋብቻ ሲታሰብ የሚጠየቀው የዘር ጥያቄ ገና አልጠፋም።

ወደ ኳርትዙ እንመለስ። ግሪኮች ክሪስታል ያሉት በረዶን በሚጠሩበት ቃል ነው፤ ሮማዊው ፕሊኒዮስም በ1ኛው ክፍለ ዘመን ይህ ድንጋይ እጅግ ጠንክሮ የረጋ በረዶ እንደሆነ ጽፏል። በግእዙም ቢሆን እብነ በረድ ማለት የበረዶ ድንጋይ ማለት ነው፤ ዛሬ ቃሉ ለሌላ ድንጋይ ቀርቶ እናገኘዋለን። አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን በዮሐንስ ራእይ በእግዚአብሔር ዙፋን ፊት ያለውን ባሕርና ከዙፋኑ የሚወጣውን የሕይወት ውሃ ወንዝ ሲገልጽ ብርሌ የሚለውን ቃል መርጧል። ብርሌ የጠጅ ዕቃ ነው፤ የሠርግ ዕቃ ነው። ተርጓሚዎቹ ያን የማይደረስበትን ጥራት ሕዝባችን በደስታው ቀን በእጁ በሚይዘው ነገር እንዲያስበው ማድረጋቸውን እኛ መልካም እናደርገዋለን።

ቅዱስ ጎርጎርዮስ ታላቁ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ነቢዩ ሕዝቅኤልን ሲተረጉም ክሪስታሉን በክርስቶስ ሥጋ መስሎታል። ውሃ ይፈስሳል፣ ይናወጣል፤ ረግቶ ክሪስታል ሲሆን ግን ይጸናል። እንዲሁም መከራን ሊቀበል የሚችለው የጌታ ሥጋ በትንሣኤው የማይፈርስ ሆነ። በተፈጥሮ ትምህርቱ ተሳስቶ ነበር፤ ኳርትዝ የረጋ ውሃ አይደለምና። ምሳሌው ግን በድንጋዩ አፈጣጠር ላይ ሳይሆን በትንሣኤው ላይ የቆመ ስለሆነ አልወደቀም። በመካከለኛው ዘመንም ክርስቲያኖች የቅዱሳንን ዐፅም በኳርትዝ በተሠራ ዕቃ ያስቀምጡ ነበር፤ ብርሃን ድንጋዩን ሳይሰብር እንደሚያልፍበት እያዩም የእመቤታችንን ድንግልና ያስቡ ነበር። ቅድስት ሂልደጋርድ ዘቢንገን በ12ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ድንጋዮች የመፈወስ ኃይል ጽፋለች፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የቤተ ክርስቲያን መምህር ተብላ ስለታወጀች ይህን እየጠቀሱ የሚከራከሩ ሰዎች አሉ። የዘመኗን ሕክምና ጻፈች፤ ያከበርናት ግን ስለ ቅድስናዋና ስለ ነገረ መለኮት ትምህርቷ ነው እንጂ ስለ ድንጋይ ሐኪምነቷ አይደለም።

እንግዲህ መጽሐፍ ቅዱስ ለድንጋዮች ምን ትርጉም ይሰጣል? በኦሪት ዘጸአት የአሮን የደረት ኪስ በአራት ረድፍ ዐሥራ ሁለት የከበሩ ድንጋዮች ተደርድረውበት ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ ድንጋይ ይህን ያደርጋል፣ ያ ድንጋይ ያን ያርቃል የሚል ቃል በዚያ የለም። የተነገረን አንድ ነገር ነው፤ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ የአንድ ነገድ ስም ተቀርጿል፤ ካህኑም ወደ እግዚአብሔር ሲገባ እነዚያን ስሞች በልቡ ላይ ይሸከማል። በዮሐንስ ራእይ የአዲሲቱ ኢየሩሳሌም ዐሥራ ሁለት መሠረቶች በዐሥራ ሁለት ዓይነት ዕንቍ ያጌጡ ናቸው፤ በመሠረቶቹም ላይ የሐዋርያት ስም አለ። በጴርጋሞን ላለችው ቤተ ክርስቲያን በተላከው መልእክትም ድል የሚነሣ ሰው ነጭ ድንጋይ እንደሚሰጠው ተስፋ ተሰጥቷል፤ የተስፋው ፍሬ ነገር ግን ድንጋዩ አይደለም፤ ከተቀባዩ በቀር ማንም የማያውቀው በላዩ የተጻፈው አዲስ ስም ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ድንጋይ ትርጉሙ የስም ነው። ማን ይጠራል? ማን በማን ልብ ላይ ይሸከማል? ሻጩ ግን ስማችሁን አያውቅም፤ ለገዛ ሁሉ ያንኑ ቃል ይናገራል።

ሻጮቹ ከሳይንስም ጥቂት ይዋሳሉ። «ኳርትዝ ይንቀጠቀጣል፣ ኃይል አለው» ይላሉ። ነገሩ በከፊል እውነት ነው። በ1880 እ.ኤ.አ. ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች እንዲህ ያሉ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው ጥቂት ኤሌክትሪክ እንደሚያሳዩ ደረሱበት፤ የተገላቢጦሹም ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ኳርትዝ ይርገበገባል። በእጃችን በምናስረው ሰዓት ውስጥ ያለችው ቅንጣት ኳርትዝ በባትሪው ኃይል በየሴኮንዱ 32,768 ጊዜ እየተርገበገበች ጊዜን ትቆጥራለች። ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከግድቡ የሚመነጨውን ኤሌክትሪክ የምናውቅ የቆቃ ሰዎች ይህ አይገርመንም። ነገር ግን ኤሌክትሪክ የሚሰማ ድንጋይ ጸሎት ይሰማል ማለት አይደለም፤ ሰዓታችንም ከክፉ ዓይን አልጠበቀንም።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2116 እና 2117 ጥንቆላን፣ አስማትንና ለጥበቃ ተብሎ የሚታሰረውን ነገር ሁሉ ከእግዚአብሔር አምልኮ ጋር የማይስማማ መሆኑን ያስተምራል። ቅድስት መንበርም በ2003 እ.ኤ.አ. ኢየሱስ ክርስቶስ የሕይወት ውሃ ተሸካሚ በሚለው ጽሑፍ በክሪስታል መፈወስን ከአዲሱ ዘመን መንፈሳዊነት ልማዶች መካከል ጠቅሶታል። ይሁን እንጂ ጉዳዩን የፈረንጅ ጣጣ አድርገን እንዳንሸሽ። በእኛስ ቤት ክታብ በአንገት አልታሰረምን? ለዛር ጨሌ አልተደረደረምን? ደግሞም ቁጥር 2111 ራሳችንን ይነካል፤ የተባረከ ነገር እንኳ ያለ እምነትና ያለ መታዘዝ በራሱ ይሠራል ብሎ መያዝ አጉል እምነት ነው ይላልና። የእመቤታችንን ሜዳልያ አስሮ ከጎረቤቱ ጋር ለዓመታት የተኳረፈ ሰው ሜዳልያውን ክታብ አድርጎታል።

አንዲት እናት ነበሩ። ዐረብ አገር በቤት ሠራተኛነት የምትኖር ልጃቸው ወርቃማ መርፌ ያለበትን ኳርትዝ ልካላቸው ነበር፤ በትራስ ሥር እንዲያኖሩትና የደም ግፊታቸውን እንደሚያወርድላቸው ነግራቸዋለች። እርሳቸውም መድኃኒታቸውን ተዉ። ራሳቸውን ስተው በወደቁ ጊዜ ጎረቤት ደርሶ ወደ ሕክምና ወሰዳቸው። ከዚያ በኋላ አንዳንድ የማኅበሩ አባላት ድንጋዩን ወደ ሐይቁ እንዲጥሉት መከሯቸው፤ እርሳቸው ግን እያለቀሱ፣ «አባ፣ ልጄ በስድስት ዓመት ውስጥ በእጇ ነክታ የላከችልኝ ይህን ብቻ ነው፤ እንዴት ልጣለው?» አሉን። እኛም ጣሉት አላልናቸውም። ድንጋዩ የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው፤ ያላጠፋው ጥፋት የለም። ውሸቱ ያለው በድንጋዩ ላይ በተለጠፈው ቃል ውስጥ ነው። ስለዚህ ከትራሱ ሥር አውጥተው ብርሃን በሚገባበት መስኮት ላይ እንዲያኖሩት፣ ባዩት ቁጥር ልጃቸውን በስሟ ጠርተው አንድ ጊዜ አባታችን ሆይ እንዲደግሙላት፣ ክኒናቸውንም ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት እንዲውጡ መከርናቸው። አሮን በልቡ ላይ ስሞችን እንደ ተሸከመ እርሳቸውም አንድ ስም ይሸከማሉ። ከዚህ የሚበልጥ የድንጋይ ትርጉም አናውቅም።

ስለ መርፌው ግን የቀረ ነገር አለ፤ በእርግጥም ይህ ነገር ልባችንን ይዞታል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሥጋው መውጊያ እንደ ተሰጠው፣ እንዲወገድለትም ሦስት ጊዜ ጌታን እንደ ለመነ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል። አልተወገደለትም፤ ጸጋ ተሰጠው። መውጊያው ምን እንደነበረ አልነገረንም፤ አለመንገሩም ለእኛ ጠቅሟል፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን በዚያ ስፍራ ሊያኖር ይችላልና። አንዱ ከመወለዱ በፊት የነበረውን የቤተሰብ ድህነት ወይም ጠብ ይዞ አድጓል። ሌላዋ ከልጅነቷ ጋር ያደገ በሽታ አለባት። ሌላው በጎልማሳነቱ ስንጥቅ ገብቶበታል፤ ልጅ ቀብሯል፤ በስደት መንገድ ላይ ለማንም የማይናገረውን አይቷል። እነዚህ ሰዎች በየሰንበቱ ከፊታችን ይቀመጣሉ፤ ብዙዎቹም እግዚአብሔር እንከን የሌለበትን ብቻ የሚመርጥ ዕንቍ ነጋዴ ይመስላቸዋል። ወደ ቁርባን የማይቀርቡትም፣ የድንጋይ ሻጩን ቃል በቀላሉ የሚቀበሉትም ስለዚህ ነው፤ ሻጩ ቢያንስ ሕመማቸውን ይጠይቃቸዋል።

ከሙታን የተነሣው ጌታ ለቶማስ ያሳየው ምንድን ነው? የተቸነከሩ እጆቹንና የተወጋ ጎኑን ነው። የከበረው ሥጋ፣ በተዘጋ በር የገባው ሥጋ፣ ሞት ዳግመኛ የማይነካው ሥጋ የቁስሉ ምልክት አለበት። ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ጥያቄ አንሥቶ፣ ምልክቶቹ የቀሩት ጌታ ሊፈውሳቸው ስላልቻለ ሳይሆን የድሉ ማስረጃ እንዲሆኑ መሆኑን አስተምሯል። ቅዱስ አውጉስጢኖስም ከእርሱ አስቀድሞ የሰማዕታት ቁስል በመንግሥተ ሰማያት እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ክብር ሊታይ እንደሚችል ጽፎ ነበር። ጥራት ካለው የብርሌ ባሕር በስተ ጀርባ በዙፋኑ መካከል የቆመው የታረደ የሚመስል በግ ነው።

እዚህ ላይ መምህራን እንድትጠነቀቁ እንለምናችኋለን። ኃጢአት ጌጥ ነው እያልን አይደለም። መከራ ሁሉ በራሱ ያከብራል ማለትም አይደለም፤ ሚስቱን የሚመታ ሰው «ታገሺ፣ መውጊያሽ ነው» እንዲላት ይህን ትምህርት አንሰጠውም። የሚመታ እጅ ሊያዝ ይገባል። ኃጢአትም ሊናዘዙት፣ ሊተዉት፣ የበደሉትን ሊክሱበት የሚገባ ነው። ነገር ግን ንስሓ የገባ ሰው ስንጥቁ ሽሮ ሳለ፣ ማኅበረ ምእመናኑ የጣት አሻራውን እያሳየ «ይህ እኮ ያ ነው» ሲለው እናያለን። የተፈታ ኃጢአትን ደግሞ ማሰር የማን ሥልጣን ነው? ከእስር ቤት የተመለሰው ወጣት፣ ከዐረብ አገር ልጅ ይዛ የተመለሰችው እኅት በመዘምራን መካከል ስፍራ ካጡ ወዴት ይሂዱ?

አንድ ነገር ስለ ሠራተኛው እንጨምር። በአገራችን ከሲሊካ ቤተ ሰብ የሆነ ሌላ ድንጋይ አለ፤ እርሱም ኦፓል ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በወሎ በደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ ከተገኘ ወዲህ የኢትዮጵያ ኦፓል በዓለም ገበያ ታውቋል። የሚወጣው ግን በገደል አፋፍ በእጅ በሚቆፈር ጠባብ ዋሻ ነው፤ ዋሻው ተደርምሶባቸው የቀሩ ወጣቶች አሉ። መጽሐፈ ኢዮብ በ28ኛው ምዕራፍ ሰው ከሰፈር ርቆ በጨለማ ተንጠልጥሎ ዕንቍ እንደሚፈልግ ይናገራል፤ ጥበብ ግን በዚያ አትገኝም፣ የኢትዮጵያ ቶጳዝዮንም አይተካከላትም ይላል። የአገራችን ስም በዚያ ምዕራፍ የተጠራው በዚህ መንገድ ነው። በጌጥ ድንጋይ «ሰላም» የሚገዛ ሰው ድንጋዩን ያወጣው ወጣት ምን እንደተከፈለው ቢጠይቅ መልካም ነበር።

በመጨረሻ ስለ ትምህርቱ አሰጣጥ። ይህን በሕፃናት ክፍል ለማስተማር የሚፈልግ መምህር ከውጭ የመጣ ኳርትዝ መፈለግ አያስፈልገውም፤ በደጃችን ያለው ባልጩት ይበቃል። መጀመሪያ ጥቁሩን ድንጋይ አሳዩአቸውና ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ ጠይቋቸው፤ የለም ይላሉ። ከዚያ ስሱን ፍንጣሪ ወደ መስኮቱ አንሡት። ሲጨርሱ እያንዳንዱ ልጅ ከወንዝ አንድ ልሙጥ ጠጠር ያምጣና የሚጸልይለትን ሰው ስም በከሰል ይጻፍበት፤ በሰንበት ቅዳሴ ጊዜ ጠጠሮቹ በመባው አጠገብ ይቀመጡ። የባልጩቱ ጠርዝ ከምላጭ የሳለ ስለሆነ ግን መምህሩ ራሱ በወፍራም ጨርቅ ይያዘው፤ ለልጆቹ እጅ አይስጥ፤ ፍንጣሪውንም ሜዳ ላይ ሳይጥል ለቅሞ ይቅበረው።